«ኪን» የሚለው ቃል ሰባት ቤቱ ሲቆጠር

(በሕዝብ ፊት ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

በአገራችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። መልካቸው ስለተመሳሰለ ዘመድ ናቸው አይባልም፤ ስለተለያየም ባዳ ናቸው አይባልም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይኬዳል፤ አንድ ትውልድ ከተዘለለ ቆጠራው ፈረሰ። ዛሬ እንዲሁ የምንቆጥረው የአንድ ቃል ዘር ነው። ቃሉ ራሱ ትርጉሙ «ዘመድ፣ ወገን፣ ዘር» ነው። እንግሊዝኛ «ኪን» ይለዋል። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሆስፒታል ፎርም የሞላ ሰው «ኔክስት ኦፍ ኪን» ከምትለው ሣጥን ጋር ይተዋወቃል፤ የቅርብ ዘመድ ስምና ስልክ የሚጻፍባት ናት።

የዚህ ቃል አያት *ኩንያን ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ን» በአፍንጫ ብቻ የምትወጣ ደካማ ድምፅ ነበረች፤ ቶሎ ጠፍታለች። ከፊቱ የተቀመጠችው ኮከብም ለጌጥ አይደለችም። «ይህ ቃል የትም ተጽፎ አልተገኘም፤ ከልጆቹ ተነሥተን መልሰን ያቆምነው ነው» ማለት ናት። የተነገረበት ቋንቋ ፕሮቶ-ጀርማኒክ ይባላል፤ የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛ፣ የደችኛ፣ የስዊድንኛ፣ የዴንማርክኛ፣ የአይስላንድኛና የሞተው የጎትኛ የጋራ እናት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ በደቡብ ስካንዲኔቪያና በሰሜን ጀርመን ይነገር እንደነበር ይታመናል።

ምስክሮቹ እነማን ናቸው?

ጎትኛ «ኩኒ» ይላል። ጥንታዊ ሳክሰንኛና ጥንታዊ የደጋ ጀርመንኛም «ኩኒ» ይላሉ፤ የእነርሱ «ን» ግን ይጠብቃል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ሲ-ዋይ-ኤን-ኤን ብሎ ይጽፈዋል። እዚህ «ዋይ» የተጻፈችው አናባቢ «ኢ» እንዳትመስላችሁ። ከንፈራችሁን «ኡ» ለማለት አሹሉና ምላሳችሁን «ኢ» በሚባልበት ቦታ አስቀምጡ፤ የሚወጣው እርሱ ነው። ፊደላችን ለዚህ ድምፅ ምልክት ስለሌለው «ኪውን» እያልን እንጽፈዋለን። የስካንዲኔቪያ ጥንታዊ ቋንቋ የሆነው የጥንቱ ኖርስኛም ይህንኑ አናባቢ ይዟል።

ከሁሉም የሚከብደው ምስክር ጎትኛው ነው፤ በዕድሜ ይበልጣቸዋልና። ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ የተረጎመው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዋናው ቅጂ ኮዴክስ አርጌንቴዎስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን የተዘጋጀ፣ ሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብርና በወርቅ የተጻፈ ወንጌል ነው። ከ336 ቅጠሎቹ የተረፉት 188 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ አንዷ ግን በ1970 ጀርመን ሽፓየር ካቴድራል ውስጥ ተገኘች።

የጎቶች ነገር ከእኛ የራቀ ለሚመስለው አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለዉልፊላና ለተከታዮቹ ከዳንዩብ ወንዝ በስተ ደቡብ መጠጊያ የሰጣቸው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ነው። ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና «ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፤ ሃይማኖቱ ይመርመር» ብሎ የጻፈውም እርሱው ነው። ዉልፊላ ከአርዮሳውያን ጎራ ነበር፤ ፍሬምናጦስ ግን አትናቴዎስ የሾመው ጳጳስ።

ወደ ቃላችን እንመለስ። በማርቆስ 8፥12 የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ይህ ትውልድ» በሚልበት ቦታ ጎትኛው «ኩኒ» ይላል። በሉቃስ 2፥36 ነቢይቱ ሐና ስትነሣ አማርኛው «ከአሴር ወገን» ሲል ጎትኛው «ኡስ ኩንያ አሴሪስ» ይላል። ግሪክኛው በሁለቱ ቦታዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩት፤ አማርኛውም «ትውልድ»ንና «ወገን»ን ለይቷል። ጎትኛው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል በቃው። ስለዚህ *ኩንያን ጠባብ «ቤተሰብ» አልነበረም። በአንድ ዘመን አብረው የተወለዱትንም፣ ከአንድ አባት የተወለዱትንም ያጠቃልል ነበር። «መወለድ» የሚለው አሳብ መሃል ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው ምስክርነት የቃሉ ቅርጽ ነው። ጎትኛው ለባለቤት «ኩኒ» ቢልም «ከወገን» ለማለት «ኩንያ» ብሏል። «ያ» ከየት መጣች? ከቃሉ ውስጥ ነው እንጂ ከሰማይ አልወረደችም። «ይ» በቃሉ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ስትቀር «ኢ» ሆነች፤ አናባቢ ሲከተላት ግን «ይ» ሆና ቀረች። *ኩንያን ብለን የምናቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቃሉን እንበትነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ክ፣ ኡን፣ ይ።

«ክ» ቀላሏ ናት። ጀርማኒክ ቋንቋዎች «ክ» በሚሉበት ቦታ ላቲንና ግሪክ «ግ» ካሉ ጥርጣሬያችንን ወደ አንድ የጋራ ምንጭ እናዞራለን። ላቲን ለጉልበት «ጌኑ» ይላል፤ ጀርመንኛው «ክኒ»። እንግሊዝኛው «ኒ» ቢልም «ኬ»ዋ እስከ ዛሬ ትጻፋለች፣ አትነበብም እንጂ። ላቲን ለእርሻ መሬት «አጌር» ሲል ጀርመንኛው «አከር»፣ እንግሊዝኛው እኛም የምናውቀውን «ኤከር» ይላል። ላቲን ለእህል ፍሬ «ግራኑም»፣ እንግሊዝኛ «ኮርን»። ለውርጭ «ጌሉ»፣ ለቅዝቃዜ «ኮልድ»። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቢሆን ግርምት፤ በደርዘን ሲቆጠር ግን ሕግ ነው። ዴንማርካዊው ራስመስ ራስክ በ1818 አስተዋለው፤ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 በሥርዓት ጻፈው፤ ስሙም የግሪም ሕግ ሆነ። ተረት ሰብሳቢው ግሪም ነው፣ ያው ሰውዬ።

እንግዲህ *ኩንያን በ«ክ» ከጀመረ፣ በላቲንና በግሪክ በ«ግ» የሚጀምር፣ ትርጉሙም «ዘር» የሆነ ቃል መኖር አለበት። አለ፦ ላቲን «ጌኑስ»፣ ግሪክ «ጌኖስ»። ሁለቱም «ዘር፣ ወገን፣ ዓይነት» ማለት ናቸው። የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ የሆነው ሳንስክሪት ደግሞ «ጀናስ» ይላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ይሳሳታል። «ጌኑስ» ውስጥ ያለው አናባቢ «ኤ» ነው፤ የእኛው «ኡ»። ወንድም ናቸው ብሎ ለመፈረም ገና ነው።

«ኡን»ን ለመረዳት ግዕዝ የተማረ ሰው ከማንም አውሮፓዊ ይቀድማል። እኛ ዘንድ ሥሩ ው-ል-ድ ነው፤ አናባቢው እንደ አስፈላጊነቱ ይቀያየራል፦ ወለደ፣ ውሉድ፣ ወላዲ፣ ትውልድ፣ ልደት። የጀርማኒክ፣ የላቲን፣ የግሪክና የሳንስክሪት የጋራ እናት የሆነው ጥንታዊ ቋንቋም፣ ኢንዶ-አውሮፓዊ የሚባለው፣ ተመሳሳይ ጠባይ ነበረው። ሥሩ አንዳንዴ በ«ኤ»፣ አንዳንዴ በ«ኦ»፣ አንዳንዴም ያለ ምንም አናባቢ ይመጣል። «ጌኑስ» የ«ኤ»ው መልክ ነው። የእኛ ቃል ግን አናባቢ አልባው ነው፦ *ግን- ብቻ። መሃሉ ላይ «ን» ያለ አናባቢ ስትቀር ራሷ ቀለም ሆና ትነበባለች፤ አማርኛ ተናጋሪ «ምን» ሲል ሳድሱን እንደሚያቀለው ዓይነት ነው።

ይህች ብቻዋን የቆመች «ን» በእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሷ ዕጣ ገጥሟታል። በጀርማኒክ «ኡን»፣ በላቲን «ኤን» ወይም «ኢን»፣ በግሪክና በሳንስክሪት «አ» ሆናለች። ማረጋገጫው አፍራሽ ቅጥያው ነው። እንግሊዝኛ በ«ዩ-ኤን» የሚጽፈው፣ ላቲን «ኢን»፣ ግሪክ «አ» ወይም «አን» የሚለው ሁሉ አንድ ነው። መቶም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ያለችው «ም» ብትሆንም ሥራው አንድ ነው፦ ጎትኛ «ሁንድ»፣ ላቲን «ኬንቱም»፣ ግሪክ «ሄካቶን»፣ ሳንስክሪት «ሻታም»። ይህን በ1876 ያረጋገጠው ካርል ብሩግማን ነው። ስለዚህ «ኩን-» ከ*ግን- መውጣቱ ምርጫ የለሽ ነው። «ጌኑስ» ወንድም ሳይሆን የአጎት ልጅ ነው፤ ሥሩ አንድ፣ አፈጣጠሩ ሌላ።

ወደ «ይ» እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ያስደስታልና።

«ወላዲተ አምላክ» ስንል «ዲ» አለች። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን «ወላዲ» ሳይሆን «ወላጅ» እንላለን። «ኢ»ዋ ጠፍታለች። ስትጠፋ ግን ዝም ብላ አልሄደችም፤ «ድ»ን ወደ «ጅ» ቀይራት ነው የሄደችው። ግዕዝ ባይኖረንም እንኳ «ጅ»ን አይተን «እዚህ የሆነች ኢ ነበረች» ማለት እንችል ነበር። ጠፊ ድምፅ አሻራ ይተዋል።

የ*ኩንያን «ይ»ም በእንግሊዝኛ ጠፍታለች፤ ሁለት አሻራ ትታ። የመጀመሪያው ማጥበቅ ነው። በምዕራብ ጀርማኒክ ቋንቋዎች፣ ማለትም በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በደችኛ ወገን፣ አጭር አናባቢን ተከትሎ የመጣ ተነባቢ «ይ» ስትከተለው ይጠብቃል፤ ከ«ር» በስተቀር። ጎትኛ «ኩኒ» ላልቶ ይነበባል፤ እንግሊዝኛው ሁለት «ኤን» የሚጽፈው ጠብቆ ስለሚነበብ ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍም፤ «ገና»ን አላልተን «እስካሁን» እንላለን፣ አጥብቀን በዓሉን እናከብራለን፣ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። የጥንት እንግሊዝ ጸሐፊዎች በዚህ በኩል ከእኛ ይሻላሉ።

ሁለተኛው አሻራ በአናባቢው ላይ ነው። ምላስ ወደ «ይ» ለመሄድ ስትሰናዳ «ኡ»ን ቀድማ ወደ ፊት ጎተተችው፤ «ኩን» «ኪውን» ሆነ። በእንግሊዝኛ «ፉት» (እግር) ሲበዛ «ፊት» የሚሆነው፣ «ማውስ» (አይጥ) ሲበዛ «ማይስ» የሚሆነው፣ «ፉል» (ሙሉ) ግስ ሲሆን «ፊል» የሚሆነው ሁሉ የዚሁ ጉተታ ውጤት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የሆነ ነገር ነው። ኋላ ከንፈሩ ላላና «ኪውን» «ኪን» ሆነ።

አሁን አንድ ወጥመድ። ጀርመንኛ የሚችል ሰው «ኪን የሚል ቃል እኮ እኛም ጋ አለ» ሊል ይችላል። አለ፤ ትርጉሙ ግን አገጭ ነው። የዚያ ቃል እውነተኛ እንግሊዛዊ ወንድም «ቺን» ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ አገጭ ሲ-አይ-ኤን-ኤን፣ ወገን ደግሞ ሲ-ዋይ-ኤን-ኤን ይጻፉ ነበር፤ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ብቻ። ታዲያ አንዱ «ች» ሲሆን ሌላው ለምን «ክ» እንደያዘ ቀረ?

መልሱ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ «ክ» በ«ኢ» እና በ«ኤ» ፊት ስትሆን ወደ «ች» ተለወጠች። አገጭ ከጥንት ጀምሮ «ኢ» ስለነበረው በዚያ ማዕበል ተመታ። ወገናችን ግን በዚያን ጊዜ ገና «ኡ» ነበረው፤ «ክ»ዋ ከአደጋው ውጭ ነበረች። ከዚያ በኋላ «ኡ» ወደ ፊት ተጎተተ። አናባቢው ወደ «ኢ» ሰፈር ሲደርስ «ች» የማድረጉ ሥራ አልቆ ነበር። «ኪንግ» እና «ኪስ» (መሳም) በ«ክ» የቀሩትም እንዲሁ ነው። አንድ ቃል በአንዲት ፊደሉ ላይ የሁለት ለውጦችን ቅደም ተከተል ተሸክሞ መጣ ማለት ነው። በጥንት በ«ሲ» ይጻፍ የነበረው ዛሬ በ«ኬ» መጻፉ ግን የድምፅ ጉዳይ አይደለም። ከኖርማን ወረራ ከ1066 በኋላ የፈረንሳይ ሥርዓተ ጽሕፈት ሲሰፍን «ሲ» በ«አይ» ፊት «ስ» ተብላ ስለምትነበብ ጸሐፊዎች ወደ «ኬ» ዞሩ።

አንድ ድምፅ አላነሣንም። ሥሩ ግ-ን ብቻ አልነበረም፤ ሦስተኛ ተነባቢ ነበረው።

አማርኛ «በላ»፣ «ሰማ»፣ «መጣ» ይላል። «ሰበረ»፣ «ገደለ» ሦስት ተነባቢ ሲኖራቸው እነዚህ ለምን ሁለት ብቻ ሆኑ? መጨረሻቸውስ ለምን በግዕዝ ቀለም ሳይሆን በራብዕ ያልቃል? ግዕዝ ይመልሳል፦ በልዐ፣ ሰምዐ፣ መጽአ። የጉሮሮ ድምፁ ጠፋ፤ «አ»ን ግን አሻራ አድርጎ ተወ። ይህን የገባው ሰው በአውሮፓ የቋንቋ ጥናት ውስጥ ከባድ የሚባለውን ትምህርት ግማሹን ጨርሷል።

ፈርዲናንድ ደ ሶሱር የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1879 ቀኑ በታተመበት ሥራው፣ በጥንታዊው ኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ ውስጥ አናባቢዎችን እየለወጡና እያስረዘሙ የጠፉ ድምፆች እንደነበሩ በስሌት ብቻ ደረሰበት። ዴንማርካዊው ሄርማን ሞለር ደግሞ «እነዚህማ እንደ ሴማውያን ቋንቋዎች የጉሮሮ ድምፆች ናቸው» አለ፤ ዛሬ የያዙትም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ለአርባ ዓመት ብዙ ሰው አላመናቸውም። በዛሬዋ ቱርክ ይነገር የነበረው፣ ሸክላ ላይ የተጻፈው፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው የሂታይት ቋንቋ ከተፈታ በኋላ በ1927 ፖላንዳዊው የዢ ኩሪዎቪች አንዱን ድምፅ ተጽፎ አገኘው። ላቲን «አንቴ» (በፊት) በሚልበት ቦታ ሂታይት ለግንባር «ኃንት» ይላል።

የእኛ ሥር ድምፅ በ«ኅ» ትወከልና ሥሩ ግ-ን-ኅ ይሁን። እርሷ ከሦስቱ የጉሮሮ ድምፆች ደካማዋ ስለነበረች በሂታይት እንኳ ተጽፋ አትገኝም። አሻራዋን እዩ ግን። «ወላጅ አባት» ለማለት ላቲን «ጌኒቶር»፣ ግሪክ «ጌኔቶር»፣ ሳንስክሪት «ጀኒታር» ይላሉ። ከ«ን» በኋላ ያለችው አናባቢ በላቲን «ኢ»፣ በግሪክ «ኤ»፣ በሳንስክሪት «ኢ» ሆናለች። እዚያ ቦታ ላይ ከጥንቱም አናባቢ ቢኖር ኖሮ ሦስቱ እንዲህ አይለያዩም ነበር። የቆመችው «ኅ» ናት፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በመሰለው አናባቢ ተካት። በጀርማኒክ ግን ያለ አሻራ ጠፋች። ላቲን «ናቱስ» (የተወለደ፣ ቀድሞ «ግናቱስ») ረጅም «አ» ያለው ከእርሷ የተነሣ ነው፤ ጎትኛ በትክክል ያንኑ ቃል «-ኩንድስ» ሲለው ግን አናባቢው አጭር ነው። «ኔሽን» እና «ኔቸር» ከ«ናቱስ» ስለተወለዱ የ«ኪን» የአክስት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሙሉው ቆጠራ ይኸው፦ ሥሩ ግ-ን-ኅ፣ «መውለድ»። አናባቢ አልባ መልኩ ላይ «-ዮም» የሚል ስም አውጪ መጨረሻ ተጨመረ። የቃሉ ጾታ ተባዕትም አንስትም ያልሆነው ሦስተኛው ነው፤ «የተወለደው ሁሉ» እንደ ማለት። ትርጉሙ የሄደበት መንገድ አማርኛ ከ«ወለደ» ወደ «ትውልድ» የሄደበት ነው። ቋንቋዎቹ ዘመድ አይደሉም፤ መንገዱ ግን ሰው ሁሉ የሚሄድበት ነው።

ጀርማኒክ ለዝምድና ሌላም ቃል ነበረው፦ *ሲብዮ። ይህ በመወለድ ላይ አያተኩርም፤ በመተሳሰር ላይ እንጂ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሰላም» የሚል ትርጉምም አለው። የጎትኛው ተርጓሚ በገላትያ 4፥5 ላይ፣ ያልወለዱትን ልጅ አድርጎ መቀበል በሚነሣበት ቦታ፣ የተጠቀመው «ሲብያ»ን ነው። ለማደጎ ልጅነት «ኩኒ» ሊሆን አይችልም ነበር። እንግሊዞች በክርስትና ለሚገኝ ዝምድና ከዚህ ቃል «ጎድሲብ» የሚል ስም አወጡ፤ የእኛ «አበልጅ» ማለት ነው። አበልጆች ሲገናኙ ምን እንደሚያወሩ የታወቀ ነው። ቃሉ ዛሬ «ጎሲፕ» ሆኖ ሐሜት ማለት ነው።

*ኩንያን በስካንዲኔቪያ ወደ ሌላ ነገር ተጓዘ። የስዊድኑና የዴንማርኩ ወራሽ ዛሬ ዋና ትርጉሙ ጾታ ነው። ከወገን ወደ ጾታ? አዎ፤ «ዓይነት» በሚለው ድልድይ ነው የተሻገረው። ላቲን «ጌኑስ»ም በእንግሊዝኛ «ጄንደር» የሆነው በዚሁ ድልድይ ነው። እኛም «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ብለን ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ስንቆጥር «ጾታ» ወገን ወይም ክፍል ማለት ነው።

አስመሳዮቹስ?

የመጀመሪያዋ «ኬን» ናት፤ ማወቅ፣ መገንዘብ ማለት ናት። ከ«ኪን» ጋር በአንድ አናባቢ ብቻ ትለያለች፤ «ኖው» (ማወቅ) እና «ካን» (መቻል) እህቶቿ ናቸው። ሥሯ ግ-ን ሲሆን ሦስተኛዋ ተነባቢ ግን ሌላ የጉሮሮ ድምፅ ናት፤ አናባቢን ወደ «ኦ» የምትስበው። ለዚህ ነው ላቲን «ናቱስ» የተወለደ፣ «ኖቱስ» ደግሞ የታወቀ የሆነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ እንደሆነው ሁሉ፣ ስለቱንና ሥዕሉን ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው።

ሁለተኛዋ «ኲን» ናት፤ ንግሥት። ከ«ኪንግ» ጋር ስለምትውል ዘመዱ ትመስላለች፤ አይደለችም። ጥንቷ «ሴት» ማለት ነው፤ ግሪክ «ጉኔ» ይላታል። መነሻ ድምፅዋ ተራ «ግ» ሳትሆን ከንፈር የሚሾልባት «ጐ» ነበረች፤ ስለዚህ በጀርማኒክ «ክ» ሳይሆን «ኰ» ሆነች። ገን እና ጐን የሚለይ ፊደል ያለው አንባቢ ይህን ለመስማት ጆሮው ክፍት ነው።

ሦስተኛው በእኛው ፊደል የሚፈጠር ግርግር ነው። «ጂን» ብለን የምንጽፈው ሦስት የማይተዋወቅ ነገር ነው። ዘረ-መል የሆነው «ጂን» ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሃንሰን በ1909 ከግሪኩ ሥር ያወጣው ስለሆነ እውነተኛ ዘመድ ነው። መጠጡ «ጂን» ስሙን ያገኘው ከጥድ ዓይነት ፍሬ ነው። መንፈሱ «ጂን» ዐረብኛ ነው። «ገነት»ንም ከ«ጄኔሲስ» ጋር የሚያዛምድ አይጠፋም፤ ገነት ሴማዊ ነው፣ አይገናኙም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላው ቦታ ውርስንና ውሰትን መቀላቀል ነው። «ጄኔሬት» ከ«ኪን» ጋር ዘመድ ከሆነ ለምን የግሪም ሕግ «ኬኔሬት» አላደረገውም? ሕጉ የሠራው ከ2000 ዓመት በላይ በፊት ስለሆነና ቃሉ ከላቲን የገባው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ስለሆነ ነው። አማርኛም «ወላጅ»ን ወርሶ «ወላዲት»ን ከግዕዝ እንደወሰደው ነው። ስለዚህ ቃል ስትመረምሩ መጀመሪያ እጅግ የቆየውን የተጻፈ ቅርጽ ፈልጉ፤ የዛሬውን ከዛሬው አታወዳድሩ። ከዚያ ውርስ ነው ወይስ ውሰት ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ድምፅ በሌሎች ቃላት በተፈተነ ሕግ አሳልፉ፤ አንድ ድምፅ እንኳ ካልታለፈ አቁሙ። ትርጉምን መጨረሻ ላይ አምጡት። ከትርጉም የሚጀምር ሰው የፈለገውን ነገር ሁሉ ያገኛል።

በዚህ መንገድ ከሄድን ሥሩ በሁለት በር ወደ አማርኛ ገብቷል። በላቲንና በግሪክ በር ጄኔራል፣ ኢንጂነር፣ ኦክስጅን፣ መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው ጄኔሬተር። በጀርማኒክ በር ደግሞ «ኬጂ»። «ኬ»ዋ «ኪንድ» ናት፤ በጀርመንኛ ልጅ። ፍሪድሪሽ ፍሩበል በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው፤ «አጸደ ሕፃናት» የእርሱ ቃል በቃል ፍቺ ነው። የጀርመኑ «ኪንድ» ከ«ኤ»ው መልክ ሲወጣ፣ «ዓይነት» የሆነው የእንግሊዝኛው «ካይንድ» ከአናባቢ አልባው መልክ ወጥቷል። በሁለቱም «ት» መሆን የሚገባት ወደ «ድ» የተለወጠችው ጥንት የድምፅ ጫናው (ጠንክሮ የሚነበበው ቀለም) ከእርሷ በኋላ ባለው ቀለም ላይ ስለነበረ ነው፤ ይህን በ1877 ያሳየው ካርል ቬርነር ነው። «ኪንድረድ» (ዘመድ አዝማድ) ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ «ድ» ግን ከሥሩ አይደለችም። ቃሉ ቀድሞ «ኪንረድ» ነበር፤ «ን» እና «ር» ሲጋጩ መሃላቸው የበቀለች ናት።

የቀረው ንጉሡ ነው። *ኩኒንጋዝ፣ የዛሬው «ኪንግ»፣ ከ«ኩን-» እና ከ«-ኢንግ» ተሠርቷል። «-ኢንግ» የእገሌ ወገን ማለት ነው፤ ካሮሊንጋውያን የካርል ልጆች እንደሆኑት። ክርክሩ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። አንዱ ወገን «ከዘር የወጣ፣ የወገኑ ሰው» ይላል። ሌላው «ኩኒዝ» የሚል «በትውልዱ የከበረ ሰው» ማለት የሆነ ቃል ነበረ፣ ንጉሥ የእርሱ ልጅ ነው ይላል። ሮማዊው ታኪቱስ በ98 ዓ.ም. ጀርማኖች ንጉሥን በትውልድ ክብር፣ የጦር አዛዥን በጀግንነት እንደሚመርጡ ጽፏል፤ ለሁለቱም ወገን ይመቻል። ጎትኛው አያስታርቅም፤ ለንጉሥ ከ«ሕዝብ» የተወለደ ሌላ ቃል ነው የሚጠቀመው። አንድ የጥንት ኖርስኛ ግጥም ደግሞ «ኮኑንግር» (ንጉሥ) የሚለውን «ኮን ኡንግር» ብሎ ቆርጦ «ኮን ወጣቱ» የሚል ሰው ፈጠረለት። ቆንጆ ነው፣ ግን ቅኔ እንጂ ሥርወ ቃል አይደለም።

ቃሉን ከሁሉ በተሻለ ያቆየው ጀርማኒክ ያልሆነ ቋንቋ ነው። ስላቮች ተውሰው «ክኒያዝ» (መስፍን) አደረጉት፤ ሊቱዌንያውያን «ኩኒጋስ» ብለው ዛሬ ቄስ ይሉበታል። ፊንላንድኛ ግን ከ*ኩኒንጋዝ እስከ መጨረሻው ቀለም አልነካውም ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ከሺህ ዓመት በፊት የጣሉትን መድረሻ እስከ ዛሬ ይዞታል። ሄልሲንኪ ውስጥ ቼዝ የሚጫወት ልጅ ንጉሡን «ኩኒንጋስ» ይለዋል። ንግሥቲቱንም ከዚያው አውጥቶ «ኩኒንጋታር» ይላታል። በእንግሊዝኛ ያልተዛመዱት ሁለቱ እዚያ ሰሌዳ ላይ ዘመድ ናቸው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ እንቀበል።